የሚዛኑ ብረት

መምህር አለምነህ የሞተው ሌሊት ሰው በማይገኝበት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ያቆመው እሱ ራሱ ነበር፤ ሌሊት ሰው እንዳያሻው አድርጎ ያሰናዳውም እሱ ራሱ ነበር።

ኢንስፔክተር ውባንቺ ከወረታ ተነሥታ ቁሐር ሚካኤል ስትደርስ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ከሩዙ ማሳ ዳር፣ ጎርፍ በማይደርስባት ጉብታ ላይ የቆመችው የቆርቆሮ ቤት ጣሪያዋ በሐዲድ ወደ ጎን ተንሸራቶ አፏን ለሰማይ ከፍታለች። መካከሏ ላይ በብረት ምሰሶ የተተከለ ነጭ ቴሌስኮፕ አለ። ከሥሩ መምህሩ በጎኑ ወድቋል፤ ከቀኝ ጆሮ ግንዱ በላይ አጥንቱ ጎድጉዷል። ከቴሌስኮፑ በታች በወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካውን ድቡልቡል የሚዛን ብረት ደም ነክቶታል።

ሳጅን አንለይ ወደ ምዕራብ በሚያየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አንለይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማናቸውም ነገር ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነው እንጂ። ዛሬም ነገሩን ጨርሶ ነው የጠበቃት። ቴሌስኮፑ ሌሊት በራሱ ይዞራል፤ ሲዞር መምህሩን መታው፤ ብረቱን የቀጠቀጠው ደግሞ ከጉብታው በስተምሥራቅ የሚኖረው ባለእጅ ቢተው ነው። በዚያ ላይ የቢተው መዶሻ እዚያው ቤት ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል።

«ብረቱም የቢተው፣ መዶሻውም የቢተው፤» አላት። «የትኛው እንደ መታው ብቻ ነው የቀረን።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤» አለችውና መዶሻውን በጨርቅ ይዛ አገላበጠችው። ዝገት እንጂ ደም አልነበረበትም።

ከጉብታው ግርጌ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቧል። ገበያ ግን ይንጫጫል፤ ይህ ሰው ያጉተመትማል። ቡዳ የሚለው ቃል ከአፍ አፍ ሲዘዋወር ውባንቺ ሳትጠጋ አውቃዋለች። ጎረምሶች ጠዋት የቢተውን ወናፍ በቢላ ተርትረውታል፤ ሚስቱ አምሳል ልትተኩሳቸው ያደረቀቻቸውን ገንቦዎችም በእርግጫ አድቅቀዋቸዋል። መምህሩ እንደ ተቀበረ ቤተሰቡ አገር ይለቃል፤ ካልለቀቀ ቤቱ ይቃጠላል ተብሎ ቁርጡ ተነግሯል። እስካሁን ያገዷቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። አያ ገብረማርያም ጉብታዋን ለመምህሩ የሰጡ ገበሬ ናቸው፤ መምህሩ ልጃቸውን ክርስትና ስላነሣላቸው አበልጃቸውም ነው። አስከሬኑን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ሕዝቡን «ቀብሩ ይለፍ» ብለው ነበር ያቆሙት። ስለዚህ ውባንቺ ያላት ጊዜ እስከ ቀብሩ ድረስ ነው። አስከሬኑ ወረታ ሐኪም አይቶት ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።

ስታስብ መቀመጥ አትችልም። ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ባሰባት፤ ከበሩ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ሐዲዱ እየተመላለሰች አንለይን አዞረችው። ልጅ ሳለች ከሰፈሯ አንድ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ እንዲህ ባለ ቀን እቃውን ተሸክሞ ሲወጣ አይታለች። በኋላ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ የሄዱትን ተመለሱ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በመጀመሪያ ያነጋገረቻት የሟቹን ሚስት ንግሥቲን ነው። ንግሥቲ ከቤቱ ጥላ ሥር በሩዝ ገለባ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። ባሏ ዘመኑ ከሚባል የቀድሞ ተማሪው ጋር ክረምቱን ሙሉ ያቺን ትንሽ ኮምፒውተር ሲያሰናዳ እንደከረመ ነገረቻት። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ወረታ አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ቴሌስኮፑን ማዘዝ። አገሩ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲያሾፍበት፣ እሱም «ወተቷን ባላይ መልኳን አይቻለሁ» ይላቸው ነበር። ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ደመናም ጨረቃም የሌለበት ሌሊት ሲናፍቅ ቆይቶ ትናንት አገኘ። አመሻሽ ላይ ግን ጣሪያው በስልክ አልከፈት አለው። ዘመኑን ደውሎ ቢጠይቀው ነገ እናየዋለን አለው። ነገ ደመና ቢመጣስ ብሎ በባጃጅ ወጣ።

«ጣሪያውን በእጄ እገፋዋለሁ አለኝ፤» አለች ንግሥቲ። «ካመሸ አበልጁ ቤት ያድራል ብዬ ተኛሁ። እንቅልፌም ደህና ነበር፤ እሱ ነው የሚያበግነኝ።»

ዘመኑ ወረታ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ቀጭን ወጣት ነው። ኮምፒውተሯን ሲያሳያት ግንባሩ ያልበዋል። የሰው መዳፍ የምታህል አንዲት ሰሌዳ ናት፤ አእምሮዋም፣ ትዝታዋም፣ የሽቦ መሰኪያዎቿም ሁሉ በዚያችው ላይ አልቀዋል። ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ካርድ ላይ ፕሮግራሟ ተጽፎላታል። አንዱ ሽቦ ወደ ቴሌስኮፑ ማዞሪያ፣ አንዱ ወደ ካሜራው፣ አንዱ የጣሪያውን ሐዲድ ወደሚጎትተው ሞተር ይሄዳል። መብራቷን ከፀሐይ ሰሌዳ በተሞላ ባትሪ ታገኛለች፤ ወሬዋን ደግሞ እንደ ስልክ በሲም ካርድ ወረታ ትልካለች። መምህሩና እሱ ስንት ጊዜ አበላሽተው ስንት ጊዜ እንደገና እንደ ጫኑት ለመናገር ጀመረና አቋርጦ ሽቦዎቹን መነካካት ያዘ።

«የትናንት ሌሊቱስ ፎቶ?» አለችው።

«ምንም የለም። ኮምፒውተሯ ሌሊቱን ሞታለች።»

ውባንቺ ጎንበስ ብላ አየች። ከሰሌዳዋ ጥግ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«የሞተ ነገር ዓይኑን አይጠቅስም፤ አንተ ነህ የምትሞተው ብትዋሸኝ።»

ወጣቱ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ያዘ። ከዚያ ያወጣው ቃል ሌላ ነበር። ትናንት በቀትር፣ ማንንም ሳያማክር፣ ከሱቁ ሆኖ ፕሮግራሟን በአዲስ ለውጦት ነበር። የጣሪያው ሞተር ትእዛዝ መስማት የተወው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ሲደውልለት ገብቶታል፤ አፈረና ነገ አለው። የፎቶዎቹ ሣጥን ሲከፈት የእሱም ሥራ አብሮ እንደሚከፈት ያውቃል። «ስለዚህ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

እሷ ግን እንዲያለቅስ ጊዜ አልሰጠችውም። «አንተ እዚህ እንዲመጣ አደረግኸው። እዚህ ያገኘውን ነው እኔ የምፈልገው። ክፈትልኝ።»

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ በስልኩ ላይ ወጡ። መምህሩ ጣሪያውን በእጁ ከገፋ በኋላ ኮምፒውተሯ የታዘዘችውን ሠርታለች፤ ቴሌስኮፑን አንዲት ጉም የመሰለች የከዋክብት ክምችት ላይ አነጣጥራ እስኪነጋ ተከትላታለች። ከዋክብቱ በመርፌ የተወጉ ያህል ጥርት ያሉ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ መሐል አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ እያንዳንዷ ኮከብ እንደ ማጭድ የታጠፈች ጅራት አብቅላለች። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት እንደገና ጥርት ብለዋል። ሲነጋ ኮምፒውተሯ ቴሌስኮፑን እንደ ልማዷ አሳርፋዋለች።

አንለይ ከጀርባዋ ሆኖ ጣቱን ቀሰረ። «ይኸው! ብረቱ ራሱን የመታው እዚህ ላይ ነው።»

ዘመኑ ራሱን ነቀነቀ። ኮከብ የሚከተል ቴሌስኮፕ ከጥላ ይበልጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዝንብ አይገድልም። የሰው ራስ ቢያግደው ደግሞ ኮከቧን ይጥላታል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የተበላሹ ይሆኑ ነበር። ይህ ግን አንድ ጊዜ ከውጭ ተነካ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ቦታውም ተመለሰ። ጅራቶቹ ሲነሡ ወደየት እንደ ታጠፉ አይቶ፣ የነካው ነገር ከምዕራብ በኩል እንደ መጣ ነገራት።

ውባንቺ የቴሌስኮፑን ምዕራባዊ ጎን በጣቷ ዳሰሰችው። ነጩ ቀለም ላይ አዲስ የሆነች ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ በውስጧ ጥቁር ዱቄት ተጣብቋል። ከሐዲዱ ሥር ደግሞ የተሰበረ እንቁላል የመሰለ ስብርባሪ አገኘች። አሸተተችው። እሳት የቀመሰ አፈር ነው።

ወደ ሚዛኑ ብረት ተመልሳ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። አስከሬኑ ሳይነሣ በመምህሩ ኮሌታ ላይ ያየችው ደም ወፍሮ የደረቀ ነበር። የብረቱ ግን ቀጥኖ፣ እንደ ክር ወደ ታች ወርዶ፣ ጫፉ ላይ በነጠብጣብ ቀርቷል። አንለይን ደሙን በጥጥ እንዲያነሣና ብረቱን በሁሉም በኩል ፎቶ እንዲያነሣው አዘዘችው። ከዚያ የመምህሩን የግንባር መብራት ከወለሉ አነሣች። ባለ ገመድ፣ ራስ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነው። ዘመኑ እንደነገራት ሰማይ የሚያይ ሰው ነጭ መብራት አያበራም፤ ዓይኑን ያሳውርበታልና ቀዩን ብቻ ይጠቀማል። አበራችው፣ አጠፋችው፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ቢተው ከአንድ ዋርካ ሥር እጁ ታስሮ ተቀምጧል። ፈታችው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቃሉን እንደ ከሰል የሚቆጥብ ሰው ነው። መዶሻውን የረሳው ከትናንት በስቲያ ሐዲዱን ሲያቃና እንደነበር ነገራት። መምህሩ ቤቱ እየገባ እህል ውሃ የሚቀምስ ብቸኛ ሰው እንደነበረም ጨመረ። ይህን ሲል ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

«መሞቱን በምን ሰማህ?»

«በእሪታ። እሪታው ሳይሰማ ግን አያ ገብረማርያም መጥተው ነበር።»

«ወዴት?»

«ደጄ። ጎህ ሳይቀድ። ስንኖር ስንኖር ደጄን ረግጠው አያውቁም። እስቲ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ። ባትሪ አበሩና ፊቴን አዩ፣ አዙረው ማጅራቴን አዩ። ራስህን አላመመህም ወይ አሉኝ። ደህና ነኝ ስላቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ጉብታዋ ሮጡ።»

ውባንቺ ከጠዋት ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። አንለይ ምን ነካሽ ሊላት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

አያ ገብረማርያም ከጉብታው በስተምዕራብ ባለው ማሳቸው፣ ከማማቸው ሥር ነበሩ። ሩዙ ጎምርቶ አንገቱን ደፍቷል፤ ወፉ እየተነሣ እየሰፈረ ዕረፍት ያሳጣል። ሽማግሌው ግን ዛሬ ወፍ አይጠብቁም። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ለቅሷቸው የእውነት ነው። ወንጭፋቸው ከማማው ባላ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ እፍኝ እፍኝ የሚያህሉ የጭቃ ድቡልቡሎች ተቆልለዋል። ፎገራ ለጥ ያለ የዋልካ ጭቃ አገር ነው፤ ለወንጭፍ የሚሆን ድንጋይ ቢፈልጉ አይገኝም። ገበሬው ጭቃውን አድቦልቡሎ በረመጥ ያበስለዋል።

ሌሊቱን የት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው። እዚሁ ማማቸው ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን ጅብ ጥጃቸውን ስለ በላባቸው፣ የተረፈችውን ከማማው ሥር አስረው ይጠብቃሉ። ድምፅ አልሰሙም። ጠዋት ጣሪያው ተከፍቶ አይተው ወጡ፤ አበልጃቸውን ወድቆ አገኙት።

«ከማማው በቀጥታ ነው የሄዱት?»

«በቀጥታ ነው ልጄ። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቀብሩ መቼ ነው አሉሽ?»

ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር። አጥንቱን የሰበረው ነገር ትንሽና ድቡልቡል እንደሆነ፣ በፍጥነት እንደ መጣ፣ ከፀጉሩም ውስጥ የተቃጠለ አፈር እንደወጣ ነገራት። ትልቁ ብረት ቢሆን ኖሮ ስብራቱ ይሰፋ ነበር። አመስግና ዘጋችው። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ከግርጌ ያለው ጉርምርምታም እየከረረ መጥቷል። አንድ ጎረምሳ ችቦ የሚሆን ገለባ እያሰረ ነው።

ሁሉንም ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ጠራቻቸው፤ ንግሥቲን፣ ዘመኑን፣ ቢተውንና አያ ገብረማርያምን። አንለይ በሩን ያዘ። ቤቷ ጠባብ ናት፤ አምስቱም በምሰሶው ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ።

«ከብረቱ ልጀምር፤» አለች ውባንቺ። «ሕዝቡ የቢተው ብረት ሰው በላ እያለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን ይህ መሣሪያ ኮከብ ሲከተል እንደ ነበር ፎቶዎቹ ይመሰክራሉ። ሰው የመታ መሣሪያ እንዲህ ያለ ፎቶ አያነሣም። መዶሻውም ንጹሕ ነው። ስለዚህ መምህሩን ብረት አልገደለውም።»

ከኪሷ ስብርባሪውን አወጣች። «ይህ ነው የገደለው። የበሰለ ጭቃ ነው። አንዱ ቴሌስኮፑን መታው፤ ያን ጊዜ ነው ከዋክብቱ ጅራት ያወጡት። ሁለተኛው ራሱን አገኘው። ሁለቱም በወንጭፍ ነው የመጡት፤ ሁለቱም ከምዕራብ። የቢተው ቤት በምሥራቅ ነው።»

«በዚህ አገር ወንጭፍ የሌለው የለም፤» አለ አንለይ ከበሩ። ከልቡ እየረዳት ነበር።

«ልክ ነው። እኔም ያንን እያሰብኩ ነው ስንከራተት የዋልኩት። መምህሩን የጠላ ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ስለዚህ ወንጭፉን የፈታው ሰው መምህሩን አላየውም ማለት ነው። እንዴትስ ያየዋል? ይህ ቤት ሌሊት ሰው እንደማይገባበት አገር ያውቃል። መምህሩ ራሱ ሲኮራበት የኖረው በዚያ ነው። ታዲያ ያ ሰው ምን አየ?»

ዘመኑንና ቢተውን ጣሪያውን እንዲገፉት አዘዘቻቸው። ሐዲዱ አጓራ፤ ጣሪያው ተዘጋ። አንለይም በሩን ከውጭ ዘጋው። ቀትር አልፎ ሳለ ቤቷ ውስጥ ጨለማ ሆነ። የአምስት ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

ውባንቺ መብራቱን ግንባሯ ላይ አሰረች፤ መምህሩ ሐዲዱን ሲፈትሽ እንደሚያደርገው መሬት ላይ ተንበረከከችና ቀዩን አበራችው። አምፖሎቹ ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከጨለማው ውስጥ፣ ከጉልበት ከፍ ሳይሉ፣ ሁለት ቀይ ዓይኖች ፈጠጡ። ወዲያ ወዲህ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«በስመ አብ፤» አሉ አያ ገብረማርያም። «እሱ ነው። እሱን ነው ያየሁት።»

በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ሲገባ ሽማግሌው ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ነበር።

«ጅብ አዩ፤» አለች ውባንቺ መብራቱን እየፈታች። «ተራ ጅብ ግን አልመሰለዎትም። ባለእጅ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግሁት። ጅቡ ሌሊት ከተመታ ባለእጁ ጠዋት ቆስሎ ይገኛል ይባላል። ለዚህ ነው ጎህ ሳይቀድ ረግጠውት ወደማያውቁት ደጅ ሄደው የቢተውን ራስ በባትሪ የፈተሹት። አስከሬኑ ሳይገኝ፣ እሪታ ሳይሰማ፣ ራስህን አላመመህም ወይ ብሎ የሚጠይቅ፣ ራስ የመታ ሰው ብቻ ነው። የቢተው ራስ ደህና ሆኖ ሲያገኙት የመቱት ማንን እንደሆነ ለማየት ሮጡ።»

ሽማግሌው አልካዱም። ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ጥጃዬን በልቶብኝ ነበር፤» አሉ። «ዓይኑ በተከፈተው በር፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሲንከላወስ አየሁት። አንድ ወረወርኩ፣ ቆርቆሮ የመታሁ መሰለኝ። ደገምኩ። ዓይኑ ጠፋ። ተገላገልኩ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። ጠዋት ቢተው ደህና ሆኖ ሲወጣ አንጀቴ ተቆረጠ። እዚህ ስመጣ አበልጄ ነው።»

ንግሥቲ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። «እርስዎ ቤት ያድራል ብዬ ነው የተኛሁት፣ አያ ገብረማርያም፤» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ። ውባንቺ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ደሙ ብረቱ ላይ የተቀባው ጤዛ ከወረደ በኋላ ነው። ጣሪያው ክፍት ስላደረ ብረቱ ርሶ ነበር፤ ደሙ ቀጥኖ እንደ ክር ወርዷል። ያን ሰዓት እዚህ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለምን አደረጉት?»

«ፈራሁ። ልጄ ክርስትና አባቴን ማን ገደለው ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ብረቱ መታው ቢባል ይሻላል አልኩ።»

«ብረቱን የሠራው ሰው እንዳለስ?»

አያ ገብረማርያም ቢተውን ገና አሁን እንዳዩት ሁሉ ዞረው ተመለከቱት። «ቢተውን አላሰብኩትም፤» አሉ።

ቢተው ይህን ሰምቶ ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ አወጣ። ከቀኑ ነገር ሁሉ ያች ቃል ሳትጠዘጥዘው አልቀረችም።

«ጭቃውን በጨለማ ነው የወረወሩት፤» አለች ውባንቺ እየተነሣች። ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «ደሙን የቀቡት ግን በብርሃን ነው። ውጭ ያለው ሕዝብ ሲያጉተመትም ‹ቀብሩ ይለፍ› አሉት እንጂ ‹ቢተው ንጹሕ ነው› አላሉትም። አሁን ከእኔ ጋር ወረታ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ሕዝብ እርስዎ ነዎት የሚመልሱት። የእኔን ቃል አይሰማም።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። በዚያ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ዙሪያቸውን ፈለጉ፤ በዋልካው ላይ ምን ድንጋይ አለ? ዓይናቸው በሚዛኑ ብረት ላይ ዐረፈ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አልነቀል አላቸው።

«ማስረጃ እኮ ነው፤» አለ አንለይ።

«ደሙን አንሥተናል፣ ፎቶውን አንሥተናል። ከዓይንህ እንዳይጠፋ አብረህ ሂድ፤» አለችው።

ቢተው ብሎኑን እንዴት እንደሚፈታ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ቀረበና ፈታላቸው። የሠራውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት መዘነው፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ማጅራት አወረደው። ጉልበታቸው ታጠፈ፤ ግን ቆሙ።

በሩ ላይ ሲታዩ ጉርምርምታው ረገበ። አያ ገብረማርያም ብረቱን እንደ ተሸከሙ፣ አጎንብሰው፣ አለምነህን የገደልኩት እኔ ነኝ አሉ። አንዳንዱ በደንብ ያልሰማ መሰለው፤ ደገሙት። ጅብ መስሎኝ አሉ፤ ደሙን ብረቱ ላይ የቀባሁትም እኔ ነኝ አሉ። ገለባ ሲያስር የነበረው ጎረምሳ እጁ ላይ ያለውን የት እንደሚጥለው ግራ ገባው። ሽማግሌው ወደ ቢተው ዞሩ።

«ማረኝ፤» አሉት። «አውርድልኝ።»

ቢተው የተተረተረውን ወናፉን፣ የደቀቀውን የሚስቱን ሥራ ያሰበ ይመስል ወደ ቤቱ አሻግሮ አየ። ውባንቺ እንኳ ምን እንደሚል ማወቅ አልቻለችም።

«እዚህ አላወርድልዎትም፤» አላቸው። «ደጄ ድረስ ያምጡት። ጎህ ሳይቀድ እንደመጡት አይደለም፤ አሁን፣ አገር እያየ።»

ሽማግሌው መንገድ ጀመሩ። ሕዝቡ ተከፍሎ አሳለፋቸውና ከኋላቸው ተከተለ፤ ያን ቤት ሊያቃጥል የመጣው ሕዝብ ነው ሳይናገር ወደዚያው የሄደው። ዘመኑና ንግሥቲ ጎን ለጎን ሆነው መጨረሻ ላይ መጡ። አንለይ ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል ከሽማግሌው ጎን ይራመዳል፤ ሁለት ጊዜ ሲንገዳገዱ ክንዳቸውን ያዛቸው።

አምሳል ከደጇ ላይ ስብርባሪዎቿን እየለቀመች ነበር። ሕዝቡን ስታይ ቀና አለችና ጨርቋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከዚያ ማን ከፊት እንዳለ፣ ምን እንደ ተሸከመ አየች። ባሏ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ ብረቱን ከማጅራታቸው ሲያነሣ ቆማ ተመለከተችው። ሽማግሌው ቀና ማለት አቅቷቸው እዚያው መሬት ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ወደ ቤት ገብታ በርጩማ ይዛ ወጣችና አጠገባቸው አኖረችው። ያ በርጩማ ከመምህሩ በቀር ጎረቤት ተቀምጦበት አያውቅም።